የድልድይ ምርመራ፦ ዓይን የማያየውን አደጋ እንዴት መከላከል ይቻላል?

በቶሮንቶ የክሬሰንት ታውን ነዋሪዎች በእግረኛ ድልድይ ተሻግረው ወደ ቪክቶሪያ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ። ድልድይ የሚሻገር መንገደኛ ስለ ጥንካሬው እምብዛም አያስብም፤ ይህ የመሐንዲሶች ኃላፊነት ነው።

የኦንታሪዮ ደንብ የመንገድ ድልድዮች በየሁለት ዓመቱ በባለሙያ መሐንዲስ መሪነት እንዲመረመሩ ያዛል። መርማሪዎች ስንጥቅና ዝገትን ይፈትሻሉ፤ ኮንክሪቱንም በመዶሻ ያንኳኳሉ። ባዶ ዕቃ የሚመስል ድምፅ ከተሰማ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ለውስጥ ተላቋል ማለት ነው።

ይሁንና ምርመራ ብቻውን አይበቃም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 30 ቀን 2006 በኩቤክ ግዛት፣ ላቫል ከተማ፣ የኮንኮርድ ድልድይ ተደርምሶ 5 ሰዎች ሞተዋል። ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት የኮንክሪት ስብርባሪ መውደቁ ተነግሮ የመንገድ ተቆጣጣሪ በቦታው ቢገኝም፣ መንገዱ አልተዘጋም ነበር። አጣሪ ኮሚሽኑ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ በግንባታው ወቅት አንዳንድ ፌሮ ብረቶች ያለቦታቸው ተቀምጠዋል፤ የኮንክሪቱም ጥራት ጉድለት ነበረበት።

መሐንዲሶች ሦስቱን ሙያዎች አንድ ላይ መሠልጠን የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው። የጥራት ቁጥጥር ስህተቱ በኮንክሪት ከመሸፈኑ በፊት ያርመዋል፤ ምርመራ ምልክቱን ይፈልጋል፤ የአደጋ ሥጋት አስተዳደር ደግሞ ድልድዩን ማን፣ መቼ መዝጋት እንዳለበት አስቀድሞ ይወስናል። በላቫል ያቺ አንድ ሰዓት ያለ ውሳኔ አልፋለች።