ሥዕልና ቪዲዮ፦ ሕጻናት ኑሯቸውን የሚያስረዱበት መንገድ

በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት አካባቢ በግ የሚጠብቅ ሕጻን የቱ ገደል እንደሚያሰጋ፣ የቱ ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ ጠንቅቆ ያውቃል። መጠይቅ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ አለዚያም ትልልቆች ደስ ይላቸዋል ብሎ ያሰበውን ይመልሳል። በሕጻናት ጥናት ሥዕልና ቪዲዮ የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው።

«ያንግ ላይቭስ» የተሰኘው ጥናት በአውሮፓውያኑ 2002 በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ተጀመረ። በኢትዮጵያ አማራ ክልልን ጨምሮ በ20 አካባቢዎች 3 ሺህ ሕጻናትን ለዓመታት ተከታትሏል። ከእነርሱ መካከል ለጥልቅ ውይይት የተመረጡት መንደራቸውን በካርታ፣ መልካምና መጥፎ ኑሮን በሥዕል ገልጸዋል። ዋናው ቁም ነገር የሥዕሉ ማማር ሳይሆን ልጁ ስለ ሥዕሉ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው።

አሳታፊ ቪዲዮ ደግሞ ጅማሬው በ1967 በካናዳዋ ፎጎ ደሴት ነዋሪዎች ችግራቸውን በፊልም ካስረዱበት ሥራ ጋር ይያያዛል። በዚህ ዘዴ የሚቀረጸውን የሚመርጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ቀርጸውም አብረው ያዩታል፤ ይወያዩበታል።

ሆኖም ቪዲዮ ፊትንና ድምፅን ይይዛል። ስለ ረኃብ ወይም ስለ ዱላ የተናገረ ልጅ በመንደሩ በቀላሉ ይለያል። ስለዚህ የወላጅ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁም ሊስማማ፣ ሲፈልግም ሊያቋርጥ ይገባል።

ወላጆች አስቀድመው ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፦ ቪዲዮውን ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? ልጁ ሐሳቡን ቢለውጥ ይጠፋለታል? የጥናቱስ ውጤት ወደ መንደሩ ይመለሳል?