ጦጣ ማሳ ትገባለች፣ ጉሬዛ ለምን አይገባም?

ማሽላው እሸት ሲይዝ በሀብሩ ወረዳ ማሳ ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። ከወፉ ሌላ የሚጠብቃት ሌባ ጦጣ ናት። በደቡብ ወሎ ደንቆሮ ጫካ የሚኖረው ዘመዷ ጉሬዛ ግን በእህል ዘረፋ ስሙ እምብዛም አይነሳም። የጠባይ ጉዳይ ቢመስልም ምስጢሩ ያለው ሆዳቸው ውስጥ ነው።

የጉሬዛ ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። በተለይ ለጋውን ይመርጣል፤ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ቃጫው ጥቂት ነውና። ቅጠል በሽ ቢሆንም መፍጨቱ ይከብዳል። ስለዚህ ጨጓራው እንደ ላም በክፍል በክፍል የተሠራ ነው። በፊተኛው ክፍል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቃጫውን ያብላሉለታል። እነሱም በተራቸው ወደ አሲዳማው ክፍል ሲወርዱ ሊሶዛይም የተባለ ኢንዛይም ይሰባብራቸዋል፤ ጉሬዛውም ፕሮቲናቸውን ይጠቀማል። ሊሶዛይም በእኛ እንባና ምራቅ ውስጥም አለ፤ እኛን የሚጠቅመን ግን ጀርም በመከላከል ነው።

እንዲህ ያለው ሆድ ጊዜ ይፈልጋል። ጉሬዛ ከቀኑ ከግማሽ የሚበልጠውን ያለ ሥራ ቁጭ ብሎ ያሳልፋል። የበሰለ ጣፋጭ ፍሬ ካበዛ ስኳሩ ቶሎ እየቦካ ጨጓራውን በአሲድ ይሞላዋል፤ ፍሬ ሲያምረው ጥሬውን ያዘወትራል።

ጦጣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም። ሆዷ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ የሾላና የዋንዛ ፍሬ፣ የግራር አበባና ሙጫ፣ ነፍሳት፣ የወፍ እንቁላል፣ ያገኘችውን ትበላለች። በጉንጮቿም ጉሬዛ የሌለው ከረጢት አላት። ማሳ ስትገባ እሸቱን እየሸለቀቀች በሁለቱም ጉንጮቿ ትጠቀጥቃለች፤ ከዚያ ወንጭፉ ሳይደርስባት ዛፍ ላይ ወጥታ ተረጋግታ ታላምጣለች። በአንድ የማሽላ ራስ ላይ የምታገኘውን ያህል ፍሬ ጫካ ውስጥ ለመልቀም ብዙ መዞር ይጠብቃታል።

ሌባም ብትሆን ውለታ አላት። የበላችው የሾላ ዘር ሳይፈጭ በኩሷ ወጥቶ ከእናት ዛፉ ርቆ ይወድቃል። የወንዝ ዳር ሾላና ዋንዛ ሲቆረጥ እሷ ቀለቧን፣ ዛፉም ዘሪውን ያጣል፤ የሚቀራት ማሳው ነው።

ጫካውን ሳይነኩ ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። ከጫካው ጥግ እንደ በርበሬ ያለ የማትደፍረውን ሰብል፣ ማሽላውን ደግሞ ራቅ አድርጎ መዝራት አንዱ ዘዴ ነው። ጉንጯን ሞልታ የምትሸሽበት ዛፍ ከራቀ ድፍረቷም ይቀንሳል።