መሄጃው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው፤ ጉዞው ግን ለየቅል ነው። ከዋሽንግተን የተነሳ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ የሚነሳው ግን እንደየዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ያርፋል፤ ጉዞው 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለዚህ ሁልጊዜ የሚወቀሰው ነፋስ ነው። ነፋሱ ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ ትልቁን ሰዓት የሚበላው ግን የቦሌ ከፍታ ነው።

ሉል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ ማየት ይቻላል። ክሩ ሰሐራን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ያልፍና አትላንቲክ መሀል ላይ ከዋሽንግተን ራሷ ይበልጥ ወደ ሰሜን ይወጣል። በዚያ አካባቢ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ነፋስ አለ፤ አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መላውን መንገድ አማካኝተን 50 ብቻ ነው እንበል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ነፋሱን ተጋፍጦ 13 ሰዓት ተኩል፣ ነፋሱ ገፍቶት 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ አራት ሰዓት አይሞላም። መሬት ስለምትዞር ነው የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ከመሬት ጋር በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ አየሩም አብሮ ባይዞር ኖሮ የልዩነቱ ነገር በሰዓት ተኩል ባላበቃ ነበር።

የቀረውን የሚወስደው ማረፊያው ነው፤ የሚያሳርፈው ደግሞ የቦሌ መሬት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ሲሆን የዋሽንግተኑ ደለስ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቦሌ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ስስ አየር ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ የሞተሩን ግፊት ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት 12 በመቶ ገደማ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ቦይንግ 787 በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ይጠጣል። ሳያርፍ ወደ ዋሽንግተን ለመብረር የሚፈጀው 14 ሰዓት ገደማ 70 ቶን ይጠይቃል፤ መጠባበቂያውም አለ። ይህን ሁሉ ከሙሉ መንገደኛና ጭነት ጋር ተሸክሞ ከቦሌ መነሳት አይቻልም።

ታዲያ ማኮብኮቢያውን ማስረዘም አይሻልም? ቦሌ 3,800 ሜትር ያህል አለው፤ አጭር የሚባል አይደለም። ቢረዝምም ጎማ የሚችለው ፍጥነት ወሰን አለው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው፦ በመነሳት ላይ አንዱ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ በቀረው ብቻ እየወጣ ዙሪያውን ካለው ተራራ መራቅ አለበት፤ ይህን ርዝመት አይፈታውም። መንገደኛ ቀንሶ በቀጥታ መብረርስ? ይቻላል፤ ግን ባዶ ወንበር ትኬት አይከፍልም፣ ስለዚህ ወርዶ መቅዳቱ ያዋጣል። ቢሾፍቱ አጠገብ ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አየሩ እዚያ በ4 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ ለሙሉ ጭነት መብቃት አለመብቃቱ በአውሮፕላኑ ዓይነትና በሰዓቱ ሙቀት ይወሰናል።