ስለ ገላ ጅቦና፦ ሥራውና ስያሜው

ገላን በጨርቅ ጠቅልሎ ማሞቅ በአውሮጳ የቆየ የጤና አጠባበቅ ዘዴ ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት በሲሌዝያ ቪንሴንትስ ፕሪስኒትስ (1799-1851)፣ በባቫርያ ደግሞ ካህኑ ሴባስትያን ክናይፕ (1821-1897) አስፋፍተውታል። ዛሬ ስፓ በሚባሉት ቤቶች የሚሠራው የዚሁ ዘመድ ነው። ተርጓሚን የሚያስቸግረው የባዕዱ ስያሜ አንድ ሆኖ ሳለ በውስጡ የሚፈጸሙት ሥራዎች ብዙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከቃሉ በፊት ሥራውን እንመልከት።

በስፓ ቤት አልጋው ላይ ብርድ ልብስና አንሶላ ተነጥፎ በላዩ ስስ ፕላስቲክ ይዘረጋል። የተገልጋዩ ቆዳ በቅድሚያ ይፈገፈጋል፤ ማሸት ሌላ ነው፤ የሚታሸው ጡንቻ፣ የሚፈገፈገው ቆዳ ነውና። ቀጥሎ ለብ ያለ የሸክላ ጭቃ ወይም የተፈጨ የባሕር አረም ወፈር ተደርጎ ይቀባል። እዚህ ላይ «ይመረጋል» የሚል ተርጓሚ ቢገኝ አንፈርድበትም፤ ሆኖም የሚመረገው ግድግዳ ነው። ከዚያም ፕላስቲኩና ብርድ ልብሱ ከግራም ከቀኝም ይታጠፉበትና ራሱ ብቻ ወጥቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። በመጨረሻ ይታጠባል፤ ቅባት ይቀባል፤ ውሃ ይጠጣል። ላቡ ያጎደለው ክብደት በሚጠጣው ውሃ ስለሚመለስ፣ «ያከሳል» የሚለውን የማስታወቂያ ቃል ተርጓሚ ሳይመረምር ባይቀበለው መልካም ነው። ነፍሰ ጡርና የልብ በሽተኛ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይገቡበት የሚያስጠነቅቀው ዐረፍተ ነገር ግን ሳይለሳለስ መተርጐም አለበት።

የክናይፕ አሠራር ከዚህ ይለያል። ጨርቆቹ ሦስት ናቸው፦ ውስጠኛው በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ የተልባ እግር ጨርቅ፣ መካከለኛው ደረቅ ጥጥ፣ ውጪኛው ሱፍ። ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ሰውነት ቅዝቃዜውን ለመመከት ሙቀት ያመነጫል፤ ሱፉም ይይዘዋል። በመሆኑም በርዶት ለሚንቀጠቀጥ ሰው አይደረግም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሙቀት ያልተሰማውም ይፈታለታል። «የተጨመቀ» የምትለውን አንዲት ቃል የዘለለ ትርጉም በሽተኛውን ለብርድ ይዳርጋል።

ወደ ስያሜው ስንመጣ፣ «ገነዘ» የአስከሬን ቃል ስለ ሆነ ከቶ አይታሰብም። «ጠመጠመ» ለሻሽና ለፋሻ ይስማማል። «ተከናነበ» ራስን ይጨምራል፤ እዚህ ግን ራስ ውጪ ነው። «ጠቀለለ» ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ለዕቃም ለጉርሻም ስለሚሆን ለሙያ ስያሜ እጅግ ይሰፋል። «ወይባ»ን የሚያቀርቡም አይጠፉም። ወይባ ሴቶች በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተሸፍነው የወይባን እንጨት ጢስ የሚሞቁበት ስለ ሆነ፣ ሥራው መታጠን እንጂ መጠቅለል አይደለም።

እኛ የምናቀርበው «ጀቦነ»ን ነው። «በጋቢው ተጀቡኖ» ሲባል ሙቀት ፈልጎ ገላን ዙሪያውን መሸፈን እንደ ሆነ ማንም ይረዳል። «ደጎመ» ድጎማን፣ «ጠቆመ» ጥቆማን እንደሚያስገኙ ሁሉ «ጀቦነ»ም «ጅቦና»ን ያስገኛል፤ ሠሪው «ጀቧኝ»፣ የሚሠራለት «ተጀቧኝ» ይባላል። ጆሮ ለጊዜው እንግዳ ያደርገው ይሆናል። ዓይነቶቹም «የጭቃ ጅቦና»፣ «ቀዝቃዛ እርጥብ ጅቦና» እየተባሉ ሊለዩ ይችላሉ፤ ለክንድ ወይም ለባት ብቻ የሚደረገውን ግን «ጥምጠማ» ማለቱን እንመርጣለን።