በእንሰት አጠውልግ የጂኖም ምርመራ ስለሚፈቀደው የልዩነት ገደብ

እንሰት ለዶርዜና ለአካባቢው የደጋ ገበሬ ዋና ምግብ ነው። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ በአጠውልግ በሽታ የጠፋ ጓሮ በቶሎ አይተካም። ጤነኛው ተክል ታሟል ተብሎ ቢነቀልም ጉዳቱ ያው ነው። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የላቦራቶሪ ውጤት የት ላይ ሊያሳስት እንደሚችል እንዲያውቁ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የበሽታው መንስኤ

መንስኤው ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በእንሰት፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሙዝ ላይ መገኘቱን ገልጸዋል። ስለዚህ ጉዳዩ በቆላው ያሉትን የአርባ ምንጭ ሙዝ አምራቾችም ይመለከታል። የባክቴሪያው የቅርብ ዘመዶች በቆሎንና ማሽላን ያጠቃሉ።

የምርመራው አሠራር

መሣሪያው ከናሙናው የወጣውን ዲ.ኤን.ኤ. በአጫጭር ቁራጮች ያነባል። አንዱ ንባብ ብዙ ጊዜ 150 ያህል ፊደላት አሉት። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ንባብ አስቀድሞ ከታወቀ የባክቴሪያ ጂኖም፣ ማለትም ከማመሳከሪያው ጋር ያስተያያል። ስንት ፊደል ቢለያይ ንባቡ ይለፍ የሚለው ቁጥር የልዩነት ገደብ ይባላል። ለምሳሌ ቦውታይ የተባለው ፕሮግራም የመጀመሪያው ዓይነት፣ ሰው ካልለወጠው በቀር፣ በንባቡ መነሻ ባሉት 28 ፊደላት ውስጥ እስከ 2 ልዩነት ይፈቅዳል።

ገደቡ ሲጠብቅ

መሣሪያው ከ100 ፊደላት 1 ቢሳሳት፣ ባለ 150 ፊደል ንባብ በአማካይ አንድ ተኩል ስሕተት ይኖረዋል። ምንም ልዩነት ካልተፈቀደ ከ100 ንባቦች የሚያልፉት 22 ያህል ብቻ ናቸው። እስከ 3 ልዩነት ቢፈቀድ 93 ያህሉ ያልፋሉ። ነገር ግን ማመሳከሪያው የሩቅ ዘመድ ሆኖ ከ100 ፊደላት 2 ተጨማሪ ልዩነት ቢኖረው፣ በዚያው የ3 ገደብ የሚያልፉት ወደ 34 ይወርዳሉ። በሽታው ሳይቀንስ ቁጥሩ ቀነሰ ማለት ነው።

ገደቡ ሲላላ

ገደቡ ከልክ በላይ ሲሰፋ በቅጠሉ ላይ የሚኖሩ ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎች ንባብም አብሮ ይገባል። ጤነኛው ተክል የታመመ ይመስላል።

ችግር ሲያጋጥም የሚወሰድ እርምጃ

1. በንባቡ ጫፍ ያሉት ደካማ ፊደላትና ለማንበቢያ የተቀጠለው ባዕድ ቁራጭ በቅድሚያ ይቆረጡ።

2. ማመሳከሪያው የራሱ የአጠውልግ ባክቴሪያ መሆኑ ይረጋገጥ። ከኡጋንዳ ሙዝ የተገኘው ባክቴሪያ ጂኖም በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

3. ገደቡ አንድ በአንድ እየሰፋ ውጤቱ ይነጻጸር። ጤነኛነቱ የታወቀ ተክል ናሙናም በዚያው ገደብ ይፈተሽ።

4. ንባቦቹ የት እንዳረፉ ይታይ። እውነተኛው ባክቴሪያ ካለና ንባቡ በቂ ከሆነ በጂኖሙ ሁሉ ተሰራጭተው ይገኛሉ። በጥቂት ቦታ ብቻ ከተከመሩ የሌላ ባክቴሪያ ሊሆኑ ስለሚችሉ መጠርጠር ይገባል።

5. ናሙናው በቀጥታ ከተክሉ የተወሰደ ከሆነ አብዛኛው ንባብ የእንሰቱ የራሱ ነው። የመቶኛው ማነስ ብቻውን ተክሉን ነጻ አያደርገውም።

ማሳሰቢያ

የመሐል ቅጠል መጠውለግና ግንዱ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫማ ፈሳሽ ዋናዎቹ የማሳ ምልክቶች ናቸው። ናሙና የሚወስድ ሠራተኛ ቢላዋውን ከተክል ወደ ተክል ሲሸጋገር በእሳት ይለብልብ። ውጤት ሲደርሰው የትኛው ማመሳከሪያና ስንት የልዩነት ገደብ እንደተሠራበት ይጠይቅ። እነዚህ ሁለቱ ያልተጻፉበት ቁጥር ብቻውን ለመንቀልም ሆነ ለመተው መነሻ መሆን የለበትም።