ስለት፣ ቆብና ልብ ወለድ

በዛብህ ሕፃን ሳለ ታመመ፤ ወላጆቹም ተሳሉ። ልጁ ከዳነ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል፣ ሚስት ላያገባ። ልጁ ዳነ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚያ ወዲያ ከሚመጣው መከራ ብዙው ከዚህ ስለት ይመዘዛል፤ የተሳለው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ከሩቅ አይተው አልጻፉትም። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት፣ ከካህን አባት ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ተማሩ። የአዲስ አበባው ዘመናዊ ትምህርት፣ የማይጨው ዘመን ጦርነት፣ የጣሊያን እስር፣ የአምባሳደርነቱ ሹመት ሁሉ የመጣው በኋላ ነው። ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም አምሳን አልፈው፣ ለንደንንም ዋሽንግተንንም አይተው ነበር። ታሪኩን ግን ዲማ ወስደው ተከሉት።

ሐዲስ ያለፉበት ቅኔ ቤት ምን ያስተምራል? ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል። ከዚያ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪው የሚነሣባት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ በሁለቱ ውስጥ ግን ሰሙም ወርቁም መግባት አለበት። የቆጠረውን ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ አንዲቷን ቃል ይዘው ያርሙታል፣ አንዳንዴም ሙሉውን ይጥሉበታል። በዚህ ያለፈ ሰው ቃልን እንዲሁ አይለቅም። «በዛብህ» የሚለውን ስም እንመልከት፤ ጸጋ በዛብህ ቢሉት ምርቃት ነው፣ መከራ በዛብህ ቢሉት ታሪኩ ራሱ ነው። ደራሲው አስበውበት ነው ብዬ አልምልም። ጆሮው ቅኔ የለመደ አንባቢ ግን ዝም ብሎ አያልፋትም።

ቤተ ክህነትን ከውስጥ ሆኖ መውቀስ በሐዲስ አልተጀመረም። እንጦጦ ራጉኤል የተማሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» የተዝካሩን ድግስ ተችተዋል። የኅሩይ መጽሐፍ ግን ምክር ይበዛዋል፤ ሰዎቹ ሐሳብ ተሸካሚ ናቸው። ሐዲስ ክርክሩን ከልብ ወለዱ ሰዎች ለአንዱ፣ ለጉዱ ካሳ አፍ ሰጥተው እሳቸው ገለል ይላሉ። አገር እንደ እብድ የሚያየው ሰው ነው የአገሩን ነውር የሚናገረው፤ ሰሙ ቅዠት፣ ወርቁ ፍርድ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የቆቡ ነገር ነው። የበዛብህ ፍቅረኛ ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት የምታመልጠው መነኩሴ መስላ ነው። የታጠረችበትን ሥርዓት የምታልፈው በዚያው ሥርዓት ልብስ ነው፤ መንገድ ላይ መነኩሴን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚያስቆም የለም። በዛብህን ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነው። እሱን ከቀበረች በኋላ ቆቡን አታወልቅም፤ ትመነኩሳለች። ካሳም ያን ሁሉ ተናግሮ፣ ያን ሁሉ ነቅፎ፣ ባሕታዊ ሆኖ ከመቃብሩ አጠገብ ይቀራል።

በዚህ ፍጻሜ የሚናደዱ አንባቢዎች አጋጥመውኛል፤ ደራሲው ያን ያህል ሲሞግቱት ለከረሙት ቤት መጨረሻ ላይ እጅ ሰጡ ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ሰብለ ልጅ ሳለች በሌሎች ፈቃድ ቤት ተዘግቶባት ኖራለች፤ በዛብህም በሌሎች ስለት ታስሯል። ለማምለጫ የተደፋው ቆብ ግን ሲጸና ማንም አልተሳለላትም፤ ማንም አላዘዛትም።