ከዓይን በስተጀርባ፦ የፒቱታሪ ዕጢ ኢንፌክሽን በኢሉባቦር ሐኪም ፊት

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮ፣ ብርሃነ ዓይኑ የደከመበት ሰው ወደ ሐኪም ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የታወቁት ደዌዎች ናቸው፤ እነርሱም የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ ግላኮማ፣ ትራኮማ፣ እንዲሁም በፈጣን ወንዞች ዳር በምትራባው ጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ኦንኮሰርካ ሲሆኑ፣ ይህ የመጨረሻው በአገራችን ከዓይን ይልቅ ቆዳን አብዝቶ የሚያሠቃይ ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሰምራል። ዳሩ ግን ብሌኑ ጠርቶ፣ ሞራ ሳይጋርደው፣ የዓይኑም ግፊት ልከኛ ሆኖ ሳለ እይታው የሚጠብ ሕመምተኛ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ የዚህም ሰው ሕመም መሠረቱ ዓይን ሳይሆን ናላ ሊሆን ይችላል።

ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ የምትመዝን፣ ከናላ በታች ኮርቻ በመሰለ የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠች፣ ነገር ግን እድገትን፣ መውለድን፣ የሰውነትንም ውኃ የምታዝ ናት። ከበላይዋ የሁለቱ ዓይኖች የእይታ ነርቮች ስለሚገናኙና ከየዓይኑ የአፍንጫ ወገን የሚነሡት ክሮች በዚያ ስለሚሻገሩ፣ ዕጢዋ አብጣ ወደ ላይ በገፋች ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠፋው በቀኝና በግራ ያለው የዳር እይታ ነው። ሰውየው ግን ፊት ለፊቱን ስለሚያይ «ታወርሁ» አይልም፤ የበሩን መቃን በትከሻው ይመታል፣ ከጎኑ የመጣውን ከብት ሳያይ ይቀራል፣ ቤተ ዘመዱም ዝንጉነት አድርጎ ይቆጥርበታል።

ዕጢዋን ከሚያሳብጡት መካከል ኢንፌክሽን እጅግ ጥቂቱ ነው፤ መግል የቋጠረ የፒቱታሪ እባጭ ከዕጢዋ ሕመሞች ሁሉ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ተሐዋስያኑ ከጎረቤት ካለው የአፍንጫ ውስጥ ሳይነስ፣ ከማጅራት ገትር ወይም በደም ተጉዘው ይደርሳሉ፤ ቲቢ በበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር ደግሞ የቲቢ እብጠት ሊረሳ አይገባውም፤ ፈንገስም የመከላከል አቅማቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይታያል። የሚያስቸግረው ትኩሳት ብዙ ጊዜ አለመኖሩ ነው፤ በዚያ ላይ በኤም አር አይ እንኳ ሲታይ ዙሪያው የሚያበራ፣ መካከሉ የጠቆረ እብጠት ስለሚመስል ከተራ የዕጢ እብጠት ጋር ይምታታል። የዕጢዋ ግንድ መወፈር ወደ ቲቢ ያመለክታል፤ የማይቋረጥ ጥማትና የሽንት ብዛትም በተለመደው የፒቱታሪ ዕጢ እብጠት ብርቅ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ጥያቄ ይህ ነው። ፍጹሙ ማረጋገጫ ግን በአፍንጫ በኩል በሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚወጣው መግል ወይም ሥጋ ነው፤ ያም ሆኖ ከብዙዎች ናሙና ተሐዋሲ አይበቅልም።

እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና የናላ ቀዶ ሐኪም ይሻል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ሐኪሞች በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከመቱ እስከ ርእሰ ከተማው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ በመቱ ካርል ሆስፒታልም ሆነ በወረዳ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ማንን እንደሚልክ የሚለይበት ጥበብ ከመሣሪያው ይቀድማል። ያ ጥበብ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሕመምተኛውን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን አስከድኖ፣ ጣትን ከዳር ወደ መካከል እያመጡ መቼ እንዳየው መጠየቅ፣ ቀይ የብልቃጥ ክዳንም በዳር በኩል ደብዝዞ ይታየው እንደ ሆነ መመርመር ነው። ከዚያም የቆየ ራስ ምታት፣ ያለፈ ማጅራት ገትር፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ የሌሊት ሽንት ይጠየቃል፤ የደረት ራጅ፣ የአክታ ምርመራና የኤች አይ ቪ ምርመራ ይከተላሉ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ቲቢ ተጠርጥሮ መድኃኒት የጀመረ ሰው እይታው ቢደክም፣ ኤታምቡቶል ራሱ የእይታ ነርቭን፣ በተለይም ቀይና አረንጓዴ የመለየትን ችሎታ ስለሚጎዳ፣ ጥፋቱ የሕመሙ ይሁን የመድኃኒቱ መለየት ያሻል፤ የመድኃኒቱ ሲሆን ድካሙ በአብዛኛው መካከለኛውን እይታ ይነካል፣ የዕጢዋ ሲሆን ዳሩን። ሪፋምፒሲን ደግሞ በጉበት ኮርቲዞልን አፍጥኖ ስለሚያፈርስ፣ ዕጢዋ የደከመችበትን ሰው በድንገት ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊቱ የወረደ፣ የሚያስታውክና አቅል የሳተ ሕመምተኛ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሳይላክ በፊት ሃይድሮኮርቲዞን ይሰጠው ዘንድ ይገባል፤ የታይሮይድ መድኃኒትም ካስፈለገው ከዚያ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይጀመርለትም።